700 ኪሎ ሜትር

ባለፈው ዓመት የሸጥኳት ኮሮላ ፍሪሲዮኗ ከተቀየረ ገና ሁለት ወሩ ነበር። መካኒኩ ቁልፉን ሲያስረክበኝ "ስማ ልጄ፣ ሮዳጅ ላይ ናት። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዘህ እንዳትቆም፤ ጭነትም እንዳታበዛባት" አለኝ። እሺ ብዬ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ቁጥር ከያዝኩ ነገሩን የያዝኩ ይመስለኛል፤ የሙያ በሽታ ነው።

ለማታውቁት፦ ከሞተሩ ጋር የሚዞር ከባድ ክብ ብረት አለ። ፔዳሉን ስትለቁ አንድ ዲስክ ተገፍቶ እሱ ላይ ይጣበቃል፤ የሞተሩ ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያልፈው በዚያ መጣበቅ ነው። አዲስ ዲስክ ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም መጀመሪያ ላይ ብረቱን የሚነካው በከፊል ነው። መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ዲስኩ ትንሽ እየተንሸራተተ ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ይበላና ቀስ በቀስ ሙሉ ገጹ መያዝ ይጀምራል። ሳይለማመድ ከባድ ሥራ ከመጣበት ግን ያ የሚነካው ጥቂት ቦታ ብቻውን ይግላል፣ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ያለው መንሸራተትና መንቀጥቀጥ ነው።

እንግዲህ ዲስኩን የሚያለማምደው መቆምና መነሳቱ እንጂ ርቀቱ አይደለም። አምስተኛ ማርሽ ገብቶ ሲከነፍ ፍሪሲዮኑ እንደተጣበቀ ይዞራል፤ ምንም አይማርም። መካኒኩ 800 ሲል የከተማውን መንገድ ማለቱ ነበር። የእኔ 700 ደግሞ አብዛኛው ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ የተቆጠረ ነው። እናቴ አዳማ ናት፤ በሥራ ቀን ደግሞ መኪና አላነሳም። ያንን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስነዳ ፍሪሲዮን የምረግጠው ምናልባት አሥር ጊዜ ቢሆን ነው።

ገዢው በደላላ የመጣ የእኔ እኩያ ልጅ ነው። ከሽሮ ሜዳ ልብስ እየጫነ ለሱቆች ሊያከፋፍልባት አስቧል። ሽሮ ሜዳ ማለት የእንጦጦ ዳገት ነው።

"ፍሪሲዮኑ ሮዳጅ ጨርሷል?"

"ከተቀየረ 700 ኪሎ ሜትር ሄዷል" አልኩት። ፎቶውንም አሳየሁት።

"አልቋል በለኛ!" ብሎ ፊቱ ፈታ አለ። ደላላው በአድናቆት አየኝ።

ዋሸሁ? ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ማስረጃም አለኝ። ቅኔ ስንማር ሰሙ ተራው፣ ወርቁ የከበረው ነበር፤ የእኔ ግን ሰሙ እውነት፣ ወርቁ ውሸት ሆነ። ውሸትን ያለ ምንም ሰበብ የከለከለው ካንት እንኳ እዚህ ጋ ትንሽ ያሽሟጥጣል። እ.ኤ.አ. በ1794 የፕሩሲያው ንጉሥ ስለ ሃይማኖት በጻፈው ሲቆጣው፣ እንደ ታማኝ ተገዢዎ ከእንግዲህ አልጽፍም ብሎ ቃል ገባ። ንጉሡ በ1797 ሲሞት፣ ቃሉን የመረጠው በዚያ ንጉሥ ዕድሜ ብቻ እንዲያስረው አስቦ እንደነበር ገልጾ ወደ ርዕሱ ተመለሰ። ብዙ ጊዜ በዚህ ተጽናንቻለሁ፤ ግን አያዋጣም። ካንት ፊት የቆመው የሚያስፈራራ ንጉሥ ነበር። እኔ ፊት የቆመው ዕቁቡን ይዞ የመጣ ልጅ ነው።

"በደንብ መጠየቅ ነበረበት" የሚለውም አይሠራም። በደንብ ለመጠየቅ ፍሪሲዮን በኪሎ ሜትር እንደማይለካ ማወቅ ነበረበት። ያንን ከሁለታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሥራ ቦታም ይህንን ጨዋታ አውቀዋለሁ፦ "ኮዱ 90 ከመቶ በቴስት ተሸፍኗል" እንላለን፤ ቴስቱ ኮዱን ያስነሳዋል እንጂ ውጤቱ ትክክል መሆኑን አያይም። አለቃዬ ቁጥሩን አይቶ ደስ ይለዋል። አንድም ቀን ዋሸን ብለን አናውቅም።

በሦስተኛው ቀን ደወልኩለት። ስለ አዳማው መንገድ ነገርኩት፤ ለጥቂት ሳምንት ጭነቱን ቀነስ፣ ዳገት ላይ ስትቆም በእጅ ፍሬን ያዝ አልኩት። ዝም አለ። ከጀርባው የታክሲ ረዳት ሲጮህ ይሰማኛል።

"ትናንት ሞልቼ ወጥቻለሁ" አለኝ። "ሸትቶኝ ነበር።"

"ፍሪሲዮን ነው።"

"እሱማ ገባኝ።" እንደገና ዝም። "ሌላስ ያልነገርከኝ አለ?"

መኪናዋን ሊያይ የመጣ ቀን ቢጠይቀኝ የለም ነበር የምለው።

"የግራው የኋላ በር ዝናብ ሲሆን ከውስጥ አይከፈትም" አልኩት።