ጠገራ ብርና ዳኛው

አንድ ነገር ጥሩ ነው ብሎ የሚመሰክርልን ሰው ሲገኝ፣ የምናምነው ነገሩን ነው ወይስ ምስክሩን? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ለድሬዳዋ ግን የዕለት ጥያቄ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ደርሶ ከተማይቱ ስትቈረቈር፣ ቡናውም ቆዳውም ጨርቁም ይሸጥና ይገዛ የነበረው በማርትሬዛ ጠገራ ብር ነበርና።

ይህ ብር እንግዳ ምስክር ነው። ከኦስትሪያይቱ እቴጌ ምስል ሥር «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታያሉ። እነዚህም በጉንዝቡርግ ከተማ የነበሩት የገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ሹም የሾብልና የብሩን ጥራት ይመረምር የነበረው የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። እቴጌይቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። ሮማ ከ1935 ጀምሮ፣ ለንደን ከ1936 ጀምሮ፣ ቦምቤይም በ1940 እና በ1941 ሲመቱት ዓመቱም ፊደላቱም አልተለወጡም። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ባላዩት ብር ላይ ይመሰክሩ ነበር ማለት ነው። የሮማው ጠገራ አገራችንን ለመውረር ለተሰናዳው ዘመቻ የተመታ ነው፤ በጠርዙ ላይ የተጻፈው ቃል ግን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ነበር!

ይሁን እንጂ ስለ ብሩ የተሰጠው ምስክርነት አልዋሸም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከሺህ እጅም 833ቱ ንጹሕ ብር እንደ ሆነ ዘልቋል። ለምን? ወራሪው እውነት ወዳድ ስለ ነበረ አይመስለኝም። ጠገራውን የሚቀበለው ሕዝብ በእጁ ይመረምረው ስለ ነበረ ነው። ነጋዴው የዘውዷን ፈርጥ ያያል፣ በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይቈጥራል፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳብሳል፤ የደበዘዘውን ይመልሳል። ይህ ፍርድ ዘወትር ትክክል ነበር አልልም። ብሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ነጥቧ ስለ ጠፋች ብቻ የተመለሰ ጠገራ ብዙ ነው። ሆኖም የተመለሰበት ሰው ወደ ሌላ ሱቅ ሄዶ ይግባኝ ማለት ይችል ነበር። እስከ 1937 ዓ.ም. የገንዘብ አዋጅ ድረስ ዳኝነቱ ከብሩ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

ዛሬስ? ኢትዮጵያ በ1970 ዓ.ም. ለዱር አራዊት ጥበቃ መታሰቢያ ደጋ አጋዘን ያለበትን የ25 ብር የብር ሳንቲምና ዋልያ ያለበትን የ600 ብር የወርቅ ሳንቲም አስመትታ ነበር። እነዚህ ለገበያ የተመቱ አይደሉም፤ ለሰብሳቢዎች እንጂ። እንዲህ ያለውን ሳንቲም የያዘ ሰው ዛሬ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 አሜሪካ ውስጥ ሥራ ወደ ጀመሩት ሁለት ታላላቅ ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች መላክ ይችላል። ባለሙያዎቹ የባለቤቱን ማንነት ሳያውቁ ይመረምራሉ፤ እስከ 70 ከሚደርሰው ቁጥር አንዱን ይሰጡታል፤ ከዚያም በሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ ያሽጉታል።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው በመለየት የሚሰጡትን አገልግሎት አላቃልልም። ክብደትና ማዕድን በመሣሪያ የሚረጋገጥ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ከዚያ በላይ ያለው ነው። ዘመናዊው የሰብሳቢ ሳንቲም በጥንቃቄ ስለሚመታ ከብዛቱ አብዛኛው 69 ወይም 70 ያገኛል። 70 ማለት አምስት እጥፍ በሚያጐላ መነጽር እንከን ያልታየበት ማለት ነው። በዚህች አንዲት ቁጥር ዋጋው እጥፍ ድርብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም 69 የደረሰው ሰው ፕላስቲኩን ሰብሮ ሳንቲሙን እንደ አዲስ ይልካል፤ አንዳንዴም 70 ይዞ ይመለስለታል። ሳንቲሙ ምን ተለወጠ? በቴአትር ውድድር ዳኝነት የተቀመጠ ሁሉ አንዲት ነጥብ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ እንዴት እንደምትለዋወጥ ያውቃል፤ እኛ ግን በነጥባችን ወርቅ አንሸጥም።

የ70ውን መስፈሪያ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው የሥነ ልቡና ምሁሩ ዊሊያም ሼልደን ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ የጥንት የአሜሪካን ሳንቲሞች ዋጋ ለመተመን የተበጀ ነበር። ሼልደን ከአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ ውስጥ የተሻሉትን እየወሰደ ያነሱትን በምትካቸው ማኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ከሞተ በኋላ ነው። ቅያሪው እንዳይታወቅ አድርጎ መቀየር የሚችለው ልዩነቱን አጥርቶ የሚያይ ሰው ነው። ለመመዘን የሠለጠነው ዓይኑ ለመስረቅም አገልግሎታል። ታዲያ ይህን ዓይን ማን ይመረምረው ኖሯል?

የታሸገውን ሳንቲም ገዢው ጠርዙን ሊዳብሰው፣ ድምፁንም ሊሰማው አይችልም። ፕላስቲኩን ቢሰብር ቁጥሩ ይሻራል። ስለዚህ የሚገዛው ወረቀቱን ነው። ፕላስቲኩና ወረቀቱ ራሳቸው ተመስለው እየተሠሩ መሸጣቸው ደግሞ አያስደንቅም፤ ሐሰተኛ ሠሪ ዋጋው ያለበትን ያውቃል።

በድሬዳዋና በሐረር አንጥረኞች እጅ ብዙ ጠገራ ቀልጦ አምባርና ድሪ ሆኗል። ሳይቀልጥ ማንጠልጠያ ተበይዶለት በሙሽራ አንገት ላይ የዋለም አለ። ይህን ጠገራ ለእነዚያ ባለሙያዎች ብትልኩት እውነተኛ መሆኑን ይመሰክሩለታል፤ ቁጥር ግን አይሰጡትም። በወረቀቱ ላይ የተጐዳ መሆኑን ይጽፉበታል።