የተቆጠረ እጅ

የሰፈራችንን እድር ቃለ ጉባኤ ለአሥራ አንድ ዓመት ጽፌአለሁ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ የስድስት ወር መዋጮ ያልከፈሉ አንዲት ባልቴት ይሰረዙ ወይስ ይቆዩ ተባለና እጅ ወጣ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ የራሴንም እጅ ጨምሬ። «በአብላጫ ድምፅ ተሰርዘዋል» ብዬ ጻፍኩና ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በላሁ።

የአሜሪካዊውን ጸሐፊ የሄንሪ ዴቪድ ቶሮን «ሕዝባዊ እምቢተኝነት» የተሰኘ መጣጥፍ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው በሐምሌ 1846 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትሷ ኮንኮርድ ከተማ፣ ያሠራውን ጫማ ሊወስድ ሲሄድ ተያዘ። ባርነትን ለሚጠብቅና ሜክሲኮን ለሚወጋ መንግሥት የነፍስ ወከፍ ግብር አልከፍልም ባይ ነበር። አንድ ሌሊት ታሰረ። በማግስቱ ሌላ ሰው ከፈለለትና ተፈታ፤ ጫማውን ተቀብሎም ከሰዎች ጋር የዱር ፍሬ ለቀማ ወጣ። እስር ቤትን በዓመታት ለምናውቅ ለእኛ አንድ ሌሊት ምንም አይደለችም። እሱም ቢሆን አላጋነናትም፤ ፍሬ ለቀማውን ሳይቀር በ1849 ባሳተመው መጣጥፍ ውስጥ ጽፎታል። የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ዴሞክራሲን የተጠራጠረ ሞልቷል። ፕላቶ የተጠራጠረው የሕዝቡን ዕውቀት ነው፤ ይህን ክርክር አምባገነን ሁሉ ይወደዋል፣ አዋቂው ራሱ ነዋ! ቶሮ ግን የተጠራጠረው ቆጠራውን ነው። ብዙኃኑ የሚገዙት ጉልበቱ ስላላቸው ነው፣ ትክክል ስለሆኑ አይደለም ይላል። ድምፅ ሰጪውም ምንም እንዳላስያዘ ቁማርተኛ ነው፤ እውነት ብታሸንፍ ደስ ይለዋል፣ ብትሸነፍ ግን ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም።

ይህን ሳነብ ጲላጦስ ትዝ አለኝ። በርባንን ያስፈታው የብዙኃን ድምፅ ነበር። ጲላጦስ እጁን ታጠበ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ።

እርግጥ፣ ሁሉም በየሕሊናው ቢሄድ እድር የሚባል ነገር አይቆምም፣ ድንኳኑንስ ማን ይተክላል? ለዚህ ጥያቄ ቶሮ የሚያጠግብ መልስ የለውም። እኔም ዛሬ ድረስ እጄን አወጣለሁ፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ሆኖም በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ ማለት የእኔ እጅ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አለመሆኑን ያስተማረኝ ይህ መጣጥፍ ነው።

የዚያ ዓመት መዝገብ እቤቴ አለ። ሦስት ሰዎች ተቃውመው ስማቸው እንዲጻፍ አድርገዋል። የእኔ ስም ያለው ከታች፣ «ጸሐፊ» ከሚለው ጎን ነው።