ሳይጠመቁ ስለሚሞቱ ሕፃናት

በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደብር በስሙ የጌታችንን መስቀል ያሳስባል። በዚያም ሆነ በኢትዮጵያ አድባራት ሁሉ ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅም በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፥ ሔዋንም በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። እንግዲህ ሴት ልጅ በ60 ቀኗ ድንገት ብታርፍ፥ ነፍሷ ወዴት ደረሰች ለሚል ጥያቄ ምን ይመለሳል?

በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ይሳሳታሉ። አንደኛው፥ ሕፃን ኃጢአት ስለሌለው ጥምቀት አያስፈልገውም ይላል። ሁለተኛው፥ ሳይጠመቅ የሞተ ሁሉ ጠፍቷል ብሎ ባዘነች እናት ላይ ኀዘን ይጨምራል።

የፊተኛው ስሕተት በደልንና ጉዳትን አለመለየቱ ነው። አባቱ ቤቱን በገዛ እጁ ያቃጠለበት ልጅ እሳቱን አልለኰሰም፤ ስለ ቃጠሎውም ዳኛ አይጠይቀውም። ነገር ግን ያለ ቤት ይወለዳል፥ ብርዱም ያገኘዋል። ሕፃንም እንዲሁ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ እንዳስተማረው በአባቱ በደል አይከሰስም፤ ዳሩ ግን በአዳም ከወደቀው ባሕርይ ተወልዷልና ሞት አይምረውም። ስለዚህ ጥምቀት ሕፃኑን ስለ ገዛ ሥራው የሚወቅስ ሳይሆን ወደ ጠፋው ቤት የሚመልስ፥ የልጅነትንም ጸጋ የሚያሰጥ ነው።

ሁለተኛው ወገን ብርቱ ምስክር አለው። ጌታ ለኒቆዲሞስ ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ የነገረው ነገር ቀላል አይደለም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ430 ዓ.ም. ያረፈው አውግስጢኖስ፥ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ቅጣታቸው ከሁሉ የቀለለ ቢሆንም ከኵነኔ አያመልጡም ብሎ አስተማረ። ከእርሱ አስቀድሞ የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ግን ያለ ዕድሜያቸው ስለሚሞቱ ሕፃናት በጻፈው ድርሳን፥ የሕፃን ነፍስ በክፋት ስላልታመመች የሕይወትን ብርሃን በዐቅሟ እንደምትካፈል አመለከተ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም በ2007፥ በዚያው በአውሮጳ አቈጣጠር፥ ለእነዚህ ሕፃናት የመዳን ተስፋ እንዳለ ጽፈዋል።

ለኢትዮጵያ ምእመን ግን ማስረጃው ከቅርብ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት ጥር 3 ቀን ታስባለች፤ ሳይጠመቁ ሞቱ፥ ከሰማዕታትም ተቈጠሩ። በቀራንዮም በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ውኃ ሳይነካው ገነት ገባ። ያን ጊዜ ጥምቀት ገና አልታዘዘም ነበር የሚል ቢኖር፥ በ60 ቀኗ ላረፈችው ሕፃንም ቀኗ ገና አልደረሰም ነበር፤ ቀን የሚጠብቅና ጸጋን የሚንቅ አንድ አይደሉም። ወንበዴው አምኗል፥ ሕፃን ግን አላመነችም የሚልም ቢኖር፥ በክርስትናው ቀን እንኳ ሰይጣንን ስለ ሕፃኑ የሚክደው የክርስትና አባት ነው። የሌላ ሰው አፍ በዚያ ከተሰማ፥ የእናት እንባና ጸሎት ስለ ምን ከንቱ ይሆናል?

እንግዲህ ልጅሽ ጠፋች የሚል ሰው ያልተሰጠውን ዳኝነት ይወስዳል፤ ጥምቀት ትርፍ ነገር ነው የሚልም ያጽናና መስሎት የሕፃኗን ክብር ያሳንሳል። ቅኑ መልስ፥ ሕፃኗ የምትጠየቅበት ሥራ እንደሌላት፥ ያልደረሰችበትን ጸጋ ሊሰጣት የሚችለውም ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዳይመጡ አትከልክሉ ያለው ዳኛ እንደ ሆነ መንገር ነው።

ይህ ተስፋ ግን ለቸልተኞች መጠጊያ አይሆንም። ሕፃን ለሞት በሚያሰጋ ደዌ ሲያዝ፥ 40 እና 80 ቀን ሳይጠበቅ እንዲጠመቅ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ይህን እያወቁ ድግሱ እስኪሰናዳ፥ ዘመድ እስኪሰበሰብ የሚያዘገዩ ወላጆች፥ በሌሊት ሲጠራ የሚታክት ካህንም ቢኖር፥ በደሉ የእነርሱ ነው እንጂ የሕፃኑ አይደለም። ሥርዓት ዐዋቂውን ያስራል፤ ሥርዓትን የሰጠውን ጌታ ግን አያስርም።