በራስ ጉዳይ ላይ መፍረድ

በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ያለፈ ሰው ኮንቴይነር የጫኑ የናፍጣ መኪኖችን ሰልፍ ሳያይ አይቀርም። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው በሞጆ ያልፋል። ባቡሩ እንደ መኪናው እንደማያጨስ ማንም አይክድም። ሆኖም ልጆቹን በመሪ የሚያሳድግ ሾፌር ስለ ሐዲዱ የሚናገረውና፣ በአዳማ ዙሪያ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ገበሬ ስለ ጭሱ የሚናገረው የተራራቁ ናቸው።

የገበሬውን ቃል ቅን፣ የሾፌሩን ግን ስስት ብለን ለመጥራት እንቸኩላለን። ነገር ግን የገበሬውም ቃል ከጉዳቱ የተወለደ ነው። ታዲያ ከጥቅም የሚወለድ አስተያየት ሁሉ ሐሰት ነውን? አይደለም። ዝናብ የቀረበት ሰው ሌላው የማያውቀውን ያውቃል፤ እንጀራው የሚነካበትም እንዲሁ። ስሕተቱ የሚጀምረው ያ የሚያውቀው ብቻ ሙሉው እውነት ሲመስለው ነው። ኢትዮጵያ ለዓለም ከምታወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ ድርሻዋ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ በድንጋይ ከሰል የበለጸጉት አገሮች ሲያመነቱ፣ እነርሱም በራሳቸው ጉዳይ ዳኞች ሆነው ተቀምጠዋልና የሾፌሩ ቅሬታ ፍትሕ የሌለው አይደለም።

ንጉሥ ዳዊት ነቢዩ ናታን ስለ ድኻው በግ በነገረው ጊዜ በቅንነት ፈረደ፤ የተነገረው የራሱ ታሪክ መሆኑን አላወቀምና። በአየር ንብረት ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ ዳኛ አይገኝም፤ ጉዳዩ የማይነካው ሰው የለምና። ስለዚህ ከፍርድ በፊት መጠየቅ የሚገባው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ራሴን ስላየሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በተከለከለ ጊዜ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡትን «ላውዳቶ ሲ» ጠቅሼ ለካቴኪስቶች በሙሉ ልብ አስተማርኩ። መኪና ለመግዛት ግን አሳብም ገንዘብም አልነበረኝም። ቀደም ሲል፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር ያጉረመረምኩት እኔው ነበርኩ። እርግጥ የድጎማው መነሣት ዋና ምክንያት የመንግሥት ወጪ እንጂ አየሩ አልነበረም፤ ቢሆንም ርካሽ ናፍጣ ብዙ ጭስ መሆኑን አላጣሁትም።

ከትምህርቱ በኋላ አንድ አረጋዊ ካቴኪስት ቀረብ ብለው፣ «አባ፣ ክልከላው የቁምስናችንን መኪና የሚነካ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ያስተምሩን ነበር?» አሉኝ። የዚያን ዕለት መልስ አልሰጠኋቸውም። በማግስቱ ወደ ገጠር የሄድነው አብረን ነው፤ በዚያችው በናፍጣ መኪና።