የጉጉታችን ጠባቂ ማን ነው?

የሰው ልብ አዲስ ነገር ሲያይ ይነቃል፤ ያው ነገር ሲደጋገምበት ደግሞ ይደክማል። ሕፃን ትናንት ያለቀሰለትን መጫወቻ ዛሬ ይጥለዋል፤ ጎልማሳም በታላቅ ደስታ የጀመረውን ሥራ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ፊቱን አጥቁሮ ይመለከተዋል። ስለዚህ ነገር በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የጸናው ይመሰገናል፣ የሰለቸው ይወቀሳል። ነገር ግን መጽናት ሁልጊዜ በጎ፣ መሰልቸትስ ሁልጊዜ ክፉ ነውን? ይህን ለመመርመር ያህል በዘመናችን ወጣቶች ዘንድ ከተለመደ ጨዋታ ተነሥተን፣ መጽናትም መሄድም ታላላቅ ምሳሌ ወዳገኙበት ወደ ሐይቅ ምድር ለመድረስ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው በኢንተርኔት አማካይነት እጅግ ብዙ ሰዎች በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ተገናኝተው የሚጫወቱት ነው። ተጫዋቹ ለራሱ ስምና መልክ ይመርጣል፤ ጦረኛ ወይም ፈዋሽ ወይም አስማተኛ ይሆናል፤ ጠላት ባሸነፈና የታዘዘውን በፈጸመ ቁጥር ማዕርጉ ከደረጃ ወደ ደረጃ ከፍ ይላል። ብቻውን የማይወጣውን ፈተና ለመወጣትም ፊታቸውን ከማያውቃቸው ከሌላ አገር ሰዎች ጋር ማኅበር ይገባል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ መሠረት የተጣለው በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የጀመሩትም ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ተማሪዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ሥዕል አልነበረውም፤ ተራራውም ዋሻውም በጽሕፈት ብቻ ይነገር ነበር።

ከነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ስሙ የገነነው በ2004 ለሕዝብ የቀረበው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ነው። በ2010 የተመዝጋቢዎቹ ቁጥር 12 ሚሊዮን ደረሰ። በ2015 ግን ከ6 ሚሊዮን በታች ወረደ፤ ባለቤቱ ኩባንያም በዚያው ዓመት ቁጥሩን ማስታወቅ እንደሚተው ገለጸ። እንግዲህ ከግማሽ የሚበልጡት ስለ ምን ሄዱ? አዲስ ነገር ጎድሎባቸው ነው እንዳንል፣ በነዚያ ዓመታት አዳዲስ አገሮች፣ አዳዲስ ጠላቶችና አዳዲስ ማዕርጎች ይጨመሩ ነበር። መጀመሪያ 60 የነበረው ከፍተኛ ማዕርግ በ2018 እስከ 120 ደርሶ ነበር። አገሩ እየሰፋ፣ መሰላሉም እየረዘመ ሳለ ሰዎቹ ሰለቹ። ከዚያም በ2020 ባለቤቱ መሰላሉን አሳጥሮ ከፍተኛውን ማዕርግ እንደገና 60 አደረገው። በብዙ ሌሊት የተወጣው እርከን በአንድ ውሳኔ ሊታጠፍ የሚችል መሆኑ ያን ጊዜ በግልጥ ታየ።

ከላይ የጠቀስነው ባርትል በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ወገን ከፍሏቸዋል፤ ማዕርግ ፈላጊ፣ አገር መርማሪ፣ ወዳጅ ፈላጊና ሌላውን ማሸነፍ የሚወድ ናቸው። ይህን ክፍፍል ስናስተውል የስልቸታቸው ምክንያትም የተለያየ መሆን እንዳለበት እንረዳለን። ማዕርግ ፈላጊው ከላይ ሲደርስ ይሰለቻል፤ መርማሪው አገሩን ሲያውቀው፣ አሸናፊው ተሸናፊ ሲያጣ፣ ወዳጅ ፈላጊውም ባልንጀሮቹ ሲሄዱ ይሰለቻል። በቋንቋችን ጨዋታ የሚለው ቃል መጫወትንም መነጋገርንም የሚያመለክት መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ምስክር ነው። ብዙ ሰው ጨዋታው ሰለቸኝ ሲል የሚያጫውተው ሰው ማጣቱን መናገሩ ነው። በ2019 ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መልክ የያዘውን ጨዋታ ዳግም ሲከፍት ብዙዎች ተመለሱ። እኛ እንደሚመስለን ከተመለሱት መካከል ብዙዎቹ የፈለጉት የጥንቱን አገር ሳይሆን በዚያ አገር አብሯቸው የነበረውን ሰው ነው።

ስለ ስልቸት ይህን ያህል ካልን፣ በአንጻሩ ስለማይሰለቸው ሰው እንጠይቅ። በየቀኑ የሚመለስ ሁሉ ጽኑ ነውን? እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ተጫዋቹ እንዳይለያቸው የሚያደርጉበት ዘዴ አላቸው። በየዕለቱ ለመጣ ሰው ስጦታ ይሰጣል፤ በዚህ ሳምንት ብቻ የሚገኝ ዕቃ ይቀርባል፤ ብርቁ ሽልማት ደግሞ መቼ እንደሚወጣ ሳይታወቅ በዕጣ ይሰጣል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስኪነር በእርግቦች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ እህሉ መቼ እንደሚወድቅላት የማታውቅ እርግብ ቁልፉን በአፏ መምታቷን ቶሎ እንደማትተው አሳይቷል። ይህችን እርግብ ትጉህ ናት የሚላት ማንም የለም። ጉጉቷ የእርሷ አይደለም፤ ሌላ ሰው ይጠብቅላታል። እንደዚሁም አንድ ወጣት ደስታው ካለቀ ከብዙ ወራት በኋላ፣ ስጦታው እንዳያመልጠው ብሎ ሌሊት ሲነሣ፣ ጽናት የሚመስለው ነገር በእውነቱ ምርኮ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው መሰልቸት የነጻነት መጀመሪያ እንጂ ነውር አይደለም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ በሐይቅም ሆነ በአምባሰል በውጫሌ ከተማ፣ በእጅ ስልኩ ከዓለም ጋር የሚገናኝ ተማሪ በዚሁ ፈተና ፊት ቆሟል። ይሁን እንጂ ይኸው ምድር ስለ መቆየትና ስለ መሄድ የሚያስተምረን የቆየ ታሪክ አለው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ውሃ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረውና ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘው ስፍራ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው ወደዚህ መጡ፤ ከ1248 ገደማ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1292 ድረስም ከአርባ ዓመት በላይ በዚያው ቆይተው አስተማሩ። በ1280 ገደማ ለገዳሙ ያስገቡት ባለ ሥዕል የብራና ወንጌል የዚያ ዘመን ምስክር ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ገድላቸው እንደሚተርከው ወደዚሁ ገዳም መጥተው ለዓመታት ከቆዩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ ኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን ገዳም መሠረቱ። መምህሩ ቆዩ፤ ደቀ መዝሙሩ ሄዱ። ነገር ግን የቆዩት ወጥመድ ይዟቸው አይደለም፤ የሄዱትም ሰልችቷቸው አይደለም። እኚያን ያቆያቸው የሚሰጡት ነገር ስለነበራቸው ነው፤ እኒህንም ያስኬዳቸው የተቀበሉትን ወደ ሌላ ለማድረስ ነው።

ከዚህም በፊት በአራተኛው ምዕት ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግርዮስ የስልቸትን መንፈስ የቀትር ጋኔን ብሎ ጠርቶታል። ይህ ጋኔን መነኩሴውን ከበኣቱ ብቅ እያለ ፀሐይን እንዲመለከት፣ የምግቡ ሰዓት ማለት ዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደቀረው እንዲሰፍር ያደርገዋል፤ ቀኑ ይረዝምበታል፤ ሌላ ስፍራ ቢሆን ኖሮ ሁሉ መልካም እንደሚሆንለት ይነግረዋል። ኤዋግርዮስ የነቀፈው መሄድን ሁሉ ሳይሆን፣ ጥፋቱን በስፍራው ላይ እያመካኙ ከራስ መሸሽን ነው። ስለዚህ የሚሰለቸውን ሰው ለምን ትሄዳለህ ብቻ ሳይሆን ወዴት ትሄዳለህ ብለን ልንጠይቀው ይገባል። ከአንዱ ጨዋታ ወጥቶ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው የሚዞር ሰው ጌታ ለወጠ እንጂ ነጻ አልወጣም።

እንግዲህ በራሱ የሚቆም ጉጉት ከየት ይገኛል? የቅኔ ትምህርት ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጠናል። በወሎ በዋድላ፣ በጎጃምም በዋሸራና በጎንጅ ስሙ የተጠራው ይህ ትምህርት እንደ ጨዋታው ሁሉ ደረጃ አለው። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እያለ እያለ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ፣ ስምንት ቤት ወዳለውም ወደ መወድስ ይደርሳል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በጨዋታው እርከኑን ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀምጠዋል፤ ተጫዋቹ ይረግጠዋል። በቅኔው ግን ተማሪው ትናንት ያልነበረውን ነገር ከራሱ አእምሮ ያወጣል፤ የተባለ ቅኔም አይደገምም። መወድስ የደረሰውን ሰው ወደ ጉባኤ ቃና የሚመልስ የኩባንያ ውሳኔም የለም።

የአምባሰል ቅኝትም የሚያስረዳን ይህንኑ ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የሆነውና ስሙን ከዚሁ ምድር የወሰደው አምባሰል ያሉት ድምፆች አምስት ብቻ ናቸው። በአምስት ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ መሰንቆ የመታ ሰው አልሰለቸውም፤ በ120 ማዕርግ የተሞላው ዓለም ግን ብዙዎችን አሰልችቷል። ጉጉትን የሚያኖረው የሚሰጠን ነገር ብዛት ሳይሆን፣ ከተሰጠን ጥቂት ነገር እኛ የምናወጣው ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ነጻነት ብቻ ተናግረን ብናቆም ነገሩን በግማሽ መተው ይሆንብናል። ሰው ከጨዋታም ቢሆን ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። በዚያ ጨዋታ የመጀመሪያ ዘመን አንዳንዱን ፈተና ለመወጣት 40 ሰዎች በአንድ ሰዓት መሰለፍ ነበረባቸው። ፈዋሹ ሳይናገር ከቀረ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይሆናል። ዓለሙ ምናባዊ ነው፤ የሚጠብቁት ሰዎች ግን እውነተኞች ናቸው። ገበሬው በወንፈል የራሱ ማሳ ከታረመለት በኋላ፣ ተራው የባልንጀራው ሲሆን ሰለቸኝ ብሎ ቢቀር መንደሩ እንዴት ያየዋል? ሰለቸኝ የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዕዳን ግን አይከፍልም። ስለዚህ መተው የሚገባውን ነገር ስንተው እንኳ ቃላችንን ፈጽመን፣ ባልንጀሮቻችንን ተሰናብተን መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ በተለይ መምህራንንና የሥራ ኃላፊዎችን የሚመለከት ነው። ተማሪውን ለነጥብ ብቻ፣ ሠራተኛውንም ለዕድገት ብቻ የምናተጋው ከሆነ፣ እኛም ሳናውቀው ያንኑ የጨዋታ መሰላል ሠርተናል። ለነጥብ ብቻ የተማረ ልጅ በፈተናው ማግሥት መጽሐፉን ይጥላል፤ ያን ጊዜ ሰነፍ ብለን የምንወቅሰው ያለ ፍትሕ ነው፤ ጉጉቱን እኛ ስንጠብቅለት ኖረን ቁልፉን ሳንሰጠው ለቀነዋልና። ልጁ ከስልኩ እንዲለይ የምንመኝ ሁሉ፣ ከስልኩ ሲለይ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ፣ ከራሱ አውጥቶ የሚሠራውስ ነገር እንዳዘጋጀንለት አስቀድመን እንጠይቅ። እርሱም በበኩሉ አንድ ነገር ሲይዘውም ሆነ ሲሰለቸው ሦስት ነገር ይመርምር፤ የያዘኝ ማን ነው? ወዴት ልሄድ ነው? የሚጠብቀኝስ ማን አለ? ለነዚህ ጥያቄዎች የእውነት መልስ ያገኘ ሰው ቢቆይም ቢሄድም የጉጉቱ ጠባቂ ራሱ ነው።