ትዕግሥት የማን ገንዘብ ናት?

ቤት የገዛ ሰው ዋጋውን ቈጥሮ ከሰጠና በውሉ ላይ ከፈረመ በኋላ፣ ስሙ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ እስኪሰፍርና ካርታው በእጁ እስኪገባ ድረስ ሳምንቱ ወር፣ ወሩም መንፈቅ እየሆነ ሲሄድበት፣ ጭንቀቱን የሚያዋያቸው ሁሉ፣ የነፍስ አባቱም ሆኑ የመስጊዱ ኢማም፣ ጎረቤቱም ሆነ ያው ማኅደሩን የያዘው ጸሐፊ፣ በአንድ አፍ «ታገሥ» ይሉታል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ትዕግሥት በክርስትናውም በእስልምናውም ከትሩፋት መካከል ከፍ ብላ የምትቈጠር ጸጋ ናትና። ነገር ግን ይህ አንድ ቃል ከካህኑ አፍ ሲወጣና ከጸሐፊው አፍ ሲወጣ አንድ ነገር ነውን? ስለ ነፍሱ አዝኖ የሚያጽናናው ሰውና ራሱ የሚያስጠብቀው ሰው ትዕግሥትን በእኩል መብት ሊጠይቁት ይችላሉን? እኔ አይችሉም ባይ ነኝ፤ ለምን እንደማይችሉም በአሶሳ ከተማ ከሚታየው የቤት ሽያጭ ሥርዓት ተነሥቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ የምትገኝ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው የክልሉ ነባር ሕዝቦች ሲሆኑ፣ በ1970ዎቹ በድርቅና በረኃብ ምክንያት ከወሎ መጥተው የሠፈሩት፣ ከዚያም ወዲህ በመንግሥት ሥራ፣ በንግድና በዩኒቨርሲቲው ምክንያት የመጡት ሁሉ አብረዋቸው ይኖራሉ። በጥንቱ ልማድ የበርታ ሰው ጎጆ ሲቀልስ ቀርከሃው ከዱር ተቈርጦ ይመጣል፣ ጎረቤት ተጠርቶ በአንድነት ይሠራል፣ ባለቤቱም መብሉንና መጠጡን ያቀርባል፤ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚጠራጠር ቢኖር ምሰሶውን ያቆሙት ሰዎች ራሳቸው ምስክሮች ነበሩና ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም። ከተማው ሲሰፋ ግን ቤቱ የቆርቆሮና የብሎኬት ሆነ፣ ከማይተዋወቅ ሰው ወደማይተዋወቅ ሰው የሚተላለፍ ሀብትም ሆነ፣ ምስክርነቱም ከጎረቤት ወደ መዝገብ ተሻገረ። የዛሬው ጭንቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ጎረቤት ሲጠየቅ ያየውን ወዲያው ይመሰክራል፣ መዝገብ የሚመሰክረው ግን የሚከፍተው ሰው ሲገኝ ነው።

የወረቀቱን መንገድ ልብ ብለን እንከተለው። ደላላ ሻጭንና ገዢን ያገናኛል፤ ቀብድ ይሰጣል፤ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ከማኅደሩ ይጣራል፤ ውሉም ተጽፎ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት ይመዘገባል። ይህን የሚያዝዘው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 1723ኛ አንቀጽ ነው፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ እንዲህ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል የማይጸና መሆኑን ተርጕሟል። ከዚያ የቤቱ ግምት ይወጣል፣ ለስም ዝውውሩ ከመቶ ሁለት እጅ የቴምብር ቀረጥ ይከፈላል፣ የሻጩ ግብር መጠናቀቁ ይረጋገጣል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ፣ የቤቱ ባለቤት ሞቶ ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃውም ወራሾቹ ሙስሊሞች ሆነው በዚያ ለመዳኘት ከተስማሙ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ አለዚያም ከመደበኛው ፍርድ ቤት ይመጣል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት 40ኛ አንቀጽ መሠረት መሬቱ ራሱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። ስለዚህ ሻጭና ገዢ የቱንም ያህል ቢዋደዱና ቢተማመኑ ሁለቱ ብቻ ሊጨርሱት የማይችሉት፣ ሦስተኛ ሰው ሁልጊዜ በመካከል የሚቆምበት ጉዳይ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ከነዚህ ደረጃዎች አንዱም በከንቱ የተሠራ አይደለም። እገዳው የሚጣራው በባንክ የተያዘ ቤት ለማያውቅ ሰው እንዳይሸጥ ነው፤ የሚስት ፈቃድ የሚጠየቀው ባል ቤቷን ከጀርባዋ እንዳያወጣባት ነው፤ የወራሽነት ማስረጃው የሙት ልጅ ድርሻ እንዳይበላ ነው። ለደካማው ሲባል የሚዘገይ ነገር ሁሉ ቅዱስ መዘግየት ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚያስጠብቀውን ባለሥልጣን የሚራገም ገዢ ቢኖር በደለኛው ገዢው ነው። እኔ የምከስሰው ሌላውን መዘግየት፣ ማኅደሩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያለ አንዳች ጥያቄ፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ የሚያድርበትን፣ ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል የሚባልበትን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያው ስብሰባ ያላለቀበትን መዘግየት ነው። የሚያስቸግረው ሁለቱ መዘግየቶች በውጭ ሲታዩ አንድ መልክ ያላቸው መሆኑ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው የሙት ልጅ ድርሻ እየተጠበቀ ይሁን ጸሐፊው ቡና እየጠጣ ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ነው ብሎ ራስን መውቀስም ትክክል አይደለም። በእንግሊዝ አገር ገዢና ሻጭ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሕግ ዐዋቂ ቀጥረው፣ የተፈረመው ውል እስኪለዋወጥ ድረስ አንዳቸውም የማይገደዱ በመሆናቸው፣ ሕግ ዐዋቂዎቹ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ወራት ያልፋሉ፤ በዚያ መካከል ሻጩ የተሻለ ዋጋ ካገኘ የመጀመሪያውን ገዢ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ በፍትሐ ብሔሩ ሕግ 1885ኛ አንቀጽ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ነገር ግን አንቀጹ የሚያስበው ሁለቱን ተዋዋዮች ነው፤ ማኅደሩን ይዞ የተቀመጠው ሦስተኛው ሰው በዚያ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህም ከሦስቱ መካከል ቢዘገይ ምንም የማያጣው እርሱ ብቻ ነው።

ሕጉ ራሱም በቀጠሮ ላይ የኖረ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዲቋቋም በዝርዝር ከደነገገ በኋላ፣ በመጨረሻው ላይ በ3364ኛው አንቀጽ ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ቀኑ ተወስኖ እስኪታወጅ ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውል አደረገው። በደቡብ አውስትራሊያ ሮበርት ቶረንስ የተባለው ሰው፣ መዝገቡ ራሱ የባለቤትነት ምንጭ የሚሆንበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1858 አስጀምሮ ነበር፤ እኛ ዘንድ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከ1952 እስከ 2006 ያለው ጊዜ አንድ ሰው ተወልዶ፣ ልጁን ድሮ፣ የልጅ ልጅ የሚያይበት ዕድሜ ነው። እንግዲህ ዛሬ በአሶሳ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ የቆመው ገዢ የሚጠብቀው ጸሐፊውን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ አስቀድሞ የተኛውን መዝገብ ጭምር ነው።

የመጠበቁ ልማድ ደግሞ ከወረቀቱ ይልቅ የቈየ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ባለጉዳይ በጌታ ደጅ ዓመት ከዓመት እየተመላለሰ ደጅ ይጠና ነበር፤ መጥናቱም የታማኝነቱ ማረጋገጫ ሆኖ ይቈጠርለት ነበር እንጂ እንደ በደል አይታይም ነበር። የአሶሳው ገዥ ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን እንኳ፣ የወርቅ ግብር የሚልኩ ታላቅ ባላባት ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ መኖሪያ ነበራቸው፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ከደጁ የራቀ ሰው የሚረሳ በመሆኑ ትልቁም ትንሹም በደጁ አጠገብ መገኘት ነበረበት። ደጁ ከጌታው ግቢ ወደ ቢሮው ተዛወረ፣ የአስተሳሰቡ ሥር ግን ያልተነቀለ ይመስለኛል፤ ዛሬም ብዙ ጸሐፊ ባለጉዳዩ ደጋግሞ ሲመላለስ እንደ አክብሮት ይቈጥረዋል፣ አንድ ጊዜ መጥቶ ምክንያቱን ቢጠይቀው ግን እንደ ድፍረት ያየዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ዝም አላሉም። ኤርምያስ ነቢይ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ፣ እርሱም በዘበኞች አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ የአጎቱ ልጅ አናምኤል በአናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ጠየቀው፤ ነቢዩም 17 ሰቅል ብር መዘነለት፣ ውሉን ጻፈ፣ በምስክሮች ፊት አተመው፣ የታተመውንና ያልታተመውን ሁለቱንም ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጥቶ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው አዘዘው። ሁኔታው አይመችም ለማለት ከኤርምያስ የበለጠ ምክንያት የነበረው ሰው አላውቅም፤ ከተማው ሊወድቅ፣ እርሻውም በጠላት እጅ ሊገባ ነበርና። ሆኖም ወረቀቱን አላሳደረውም። (በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የኤርምያስ ወዳጅ አቤሜሌክ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ በሙዳዩ ያለው በለስ ትኩስ ሆኖ አገኘው ይባላል፤ በመዝገብ ቤት የተኛ ማኅደር ግን ይህ ተአምር ሲደረግለት አልታየም።) በቅዱስ ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ ከአንቀጾቹ ሁሉ ረጅሙ፣ ለውልና ለጽሕፈት የተሰጠ ነው፤ ጸሐፊው መጻፍን እንቢ እንዳይል፣ አማኞቹም ትንሽ ቢሆን ትልቅ ከነጊዜው መጻፍ እንዳይታክቱ ያዝዛል፣ ወዲያውም ጸሐፊውና ምስክሩ እንዳይጎዱ ይከለክላል። የአሶሳ ሰው በዓርብ ስግደትም በእሑድ ቅዳሴም የሚሰማው አምላክ ስለ ጸሐፊ ጠረጴዛ እንዲህ በዝርዝር የሚገደው ከሆነ፣ ነገሩ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ጉዳቱን በዓይነ ሕሊና ለማየት እንዲህ እናስብ። አንድ መምህር በአሶሳ ከአንዲት መበለት ቤት ገዝቶ፣ ከዋጋው የሚበዛውን ከፍሎ፣ የቀረውን ስሙ ሲዛወር ሊከፍል ተዋውሏል። ስሙ እስኪዛወር የኪራይ ቤቱን አይለቅም፣ ስለዚህ ሁለት ቤት ይከፍላል። ክረምት ይገባል፤ በአሶሳ ዝናሙ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ነው። የቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ይጀምራል፤ መበለቲቱ ሸጬዋለሁ ብላ አትጠግነውም፣ መምህሩም ገና የእኔ አልሆነም ብሎ አይጠግነውም፣ በመካከሉ ግድግዳው ይበሰብሳል። መበለቲቱ በቀሪው ገንዘብ ሌላ ትንሽ ቤት ልትገዛ አስባ ነበር፤ ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቆርቆሮውና የሲሚንቶው ዋጋ እንዴት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ገንዘብ ከወራት በኋላ ያንኑ ቤት እንደማይገዛላት ይረዳል። እርስዋ ተታለልሁ ትላለች፣ እርሱ ውሌን ልታፈርስብኝ ነው ይላል፤ በመካከሉ ሞት ቢመጣ ደግሞ ጉዳዩ ከወራሾች ጋር እንደገና ይጀምራል። በፍቅር የተዋዋሉ ሁለት ሰዎች እንዲህ ባላጋራ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ክፋት የሠራ ሰው በስም ተፈልጎ አይገኝም። ያን ጊዜ ጉዳይ አስፈጻሚው ብቅ ይላል፤ በጥቂት ገንዘብ የተኛውን ማኅደር አስነሣለሁ ይላል፣ ያስነሣዋልም፤ መነሣቱም ቀድሞ የተኛው ያለ ምክንያት እንደነበረ ያጋልጣል።

በዚህ ላይ ጸሐፊው የሚያቀርበው መከላከያ አለ፣ እርሱንም መስማት ይገባል። ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን ይሠራል፤ መብራት ይጠፋል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፣ በወለጋ በኩል ያለው መንገድም በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ሰውም ዕቃም ይቀራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ በዚህም ሁሉ ጸሐፊው አይወቀስም። የሚወቀሰው በዝምታው ነው። የመብራቱን መጥፋት፣ የማኅደሩን መጥፋት፣ የጎደለውን ፊርማ ለባለጉዳዩ መንገር ደመወዝም መንገድም አይጠይቅም፤ ምክንያቱን የሰማ ሰው ደግሞ ኑሮውን እንደ ምክንያቱ ያዘጋጃል፣ ኪራዩን ያራዝማል፣ ጣሪያውን በስምምነት ያስጠግናል። ምክንያት የተነፈገው ሰው ግን ከጊዜው ጋር አእምሮውም ይወሰድበታል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መምህራነ ቤተ ክርስቲያን ስለ እግዚአብሔር ትዕግሥት ሲያስተምሩ፣ ኃጥኡ ለንስሐ ጊዜ እንዲያገኝ አምላክ ይታገሣል ይላሉ፤ በዚህ ትምህርት የሚጠብቀው ኃያሉ፣ የሚጠበቀው ደካማው ነው። ትዕግሥት በምንጭዋ ከብርቱው ወደ ደካማው የምትወርድ ቸርነት ናት። በቢሮው ደጃፍ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ደካማው ብርቱውን እንዲታገሥ ይታዘዛል፣ ትእዛዙም የሃይማኖት ልብስ ይለብሳል። በወንጌል ስለ ዓመፀኛው ዳኛና ስለ መበለቲቱ የተነገረውን ምሳሌ ስንሰብክ የሴቲቱን አለመታከት እናመሰግናለን፤ ስለ ዳኛው ስብከት ያዘጋጀ ሰባኪ ግን እምብዛም አልሰማሁም፣ ምሳሌው የሚጀምረው እርሱ እግዚአብሔርን የማይፈራና ሰውን የማያፍር መሆኑን በመናገር ሆኖ ሳለ። የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥቱን ለአምላኩ ቢያቀርብ መሥዋዕቱ ነው፤ የሚያስጠብቀው ሰው ግን የሌላውን መሥዋዕት እንደ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ከየትም አልተሰጠውም።

ስለዚህ በአሶሳም ሆነ በሌላው ከተማ ማኅደር የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለጉዳዩን ከመመለሳችሁ በፊት የዘገየበትን ምክንያትና የሚመለስበትን ቀን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ፣ ስማችሁንም ከታች አኑራችሁ ስጡት፤ የነፍስ አባቶችና ኢማሞችም «ታገሥ» ያላችሁትን ሰው በመጣበት መንገድ ብቻውን ከመሸኘት፣ አንድ ቀን አብራችሁት እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ሂዱና ያንን ወረቀት አብራችሁ ጠይቁለት።