የውድድር ቀን አየርና የእንፍራንዙ ፈላስፋ

ለትልቅ ከተማ ማራቶን የሚሄድ ሯጭ ስለ ውድድሩ ቀን አየር ሲጠየቅ «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል» ማለቱ የተለመደ ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ሙቀቱንም ነፋሱንም የሚያዝ ሯጭ የለም። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አየሩ በፈጣሪ እጅ ከሆነ፣ ለወበቁና ለዝናቡ ወራት ቀድሞ መሰናዳት እምነት ማነስ ይሆን? እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የሚቻለውን ሳይመረምሩ የማይቻለውን ለፈጣሪ መስጠት፣ የሃይማኖት ካባ የለበሰ ስንፍና ነው።

ይህን ለመመርመር እንፍራንዝ ጥሩ መነሻ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የጣና ዳር አገር ፈላስፋውን ዘርአ ያዕቆብን ያስጠለለች ናት። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ፣ በዋሻ ውስጥ ዳዊቱን እየደገመ ከቆየ በኋላ፣ እንፍራንዝ መጥቶ ሀብቱ ለሚባል ባለጸጋ እየጻፈና ልጆቹን እያስተማረ ኖረ፤ «ሐተታ» የተባለውን መጽሐፉንም በ1660 ዓ.ም. ጻፈ። (መጽሐፉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩም አላበቃም። ሐሳቡ ግን በማንም እጅ ይጻፍ፣ ሊመዘን ይችላል።) የሐተታው ሰው ጸሎትን አልተወም፤ የሰው ልቡና ፈጣሪ የሰጠው ብርሃን ስለሆነ ሳይመረምሩ መቀበል ስጦታውን መናቅ ነው ባይ ነው። የጾምን ሥርዓት ሳይቀር በዚህ ብርሃን ፈትሾ ተችቷል። እዚያ ድረስ መከተል ግድ አይደለም፤ ብዙ ምእመን አይከተለውም። መመርመር ራሱ ለፈጣሪ የሚቀርብ አክብሮት ነው የሚለው መነሻው ግን ለሯጭም ይበጃል።

የአበበ ቢቂላ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ድል እንደ ተአምር ሲተረክ ኖሯል። በባዶ እግሩ ሮጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ2:15:16 አሸነፈ። ከተአምሩ ጀርባ ያለው ግን ስሌት ነው። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ጎዳናውን አስቀድመው አይተውት ነበር። ያኔ በሮም ቆሞ የነበረውን፣ ከመጨረሻው መስመር ብዙም የማይርቀውን የአክሱም ሐውልት ተነጥሎ መውጫ ምልክት አድርገው ያዙት። ጫማውን የተወውም አዲሱ ጫማ ለእግሩ ስላልተመቸው ነው፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ለእርሱ እንግዳ አልነበረም። ይህን ማወቅ ድሉን ያሳንሰዋል? እንዲያውም ያከብረዋል፤ እግዜር ረዳው የሚል ሰው የረዳው ዓይኑንና ልቡናውን ሰጥቶ እንደሆነ ማመን ይችላል።

«ተዘጋጅተው የወደቁስ?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ከባድም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀት ተሸሽቶ በእኩለ ሌሊት ቢጀመርም፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ከስምንት ቀን በኋላ ለወንዶቹ አየሩ ረገብ አለላቸው፤ ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ወጡ። የሌሊሳን ወርቅ የእምነቱ ዋጋ የሚያደርግ ሰው፣ ሴቶቹ ምን አጉድለው ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ዝግጅትም ቢሆን ውጤትን የሚገዛ ገንዘብ አይደለም። የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ምን በእጃችን እንደነበረና ምን እንዳልነበረ ይለይልናል። ያልተዘጋጀ ሰው ሲሸነፍ አየሩ ይሁን ስንፍናው ያሸነፈው አያውቅም።

ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ ጉዳዩን ያከብደዋል። አስም ነበረበትና የቤጂንግን የተበከለ አየር ፈርቶ የ2008ቱን የኦሊምፒክ ማራቶን ተወ፤ በ10,000 ሜትር ብቻ ሮጦ ስድስተኛ ወጣ። የማራቶኑ ቀን ግን አየሩ የተፈራውን ያህል አልከፋም፤ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2:06:32 አሸነፈ፣ ጸጋዬ ከበደም ነሐስ አመጣ። ታዲያ ኃይሌ ተሳሳተ? ቀኑ ካለፈ በኋላ ለሚፈርድ ሰው እንዲያ ይመስላል። ሰው ግን የሚጠየቀው ሲወስን በሚያውቀው ነው። ሳንባው የሚታመም ሯጭ ስለዚያች ከተማ ጭስ የሚያውቀውን ይዞ መዘነ፤ የነሐሴ ነፋስ ከተማዋን ያጠራት እንደሆነ ማወቅ የእርሱ ድርሻ አልነበረም። ከወር በኋላ በበርሊን በ2:03:59 የዓለምን ክብረ ወሰን ማሻሻሉ ለብዙዎች ማረጋገጫ ሆኗል፤ ለእኔ ግን በርሊን ላይ ወድቆ ቢሆን እንኳ ውሳኔው ያው ትክክል ነበር።

ከሃይማኖት ወገን የሚነሣ ሌላ ፍርሃት አለ፦ ብዙ ማቀድ ሰውን ያስታብያል፣ ፈጣሪን ያስረሳል። የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በሰዓቱና በጫማው የሚመካ ሯጭ አይታጣም። ግን ከልቡ ለተዘጋጀ ሰው የአቅሙ ዳር ከማንም ይበልጥ ይታየዋል። ታምራት ቶላ ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር ቦታው ለታምራት ተሰጠው፤ ዳገት በበዛበት በዚያ ጎዳናም በ2:06:26 የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ወሰደ። መጠራቱ በእጁ አልነበረም፤ የባልደረባውን ጉዳትም ማንም አማኝ የጸሎት መልስ ሊለው አይደፍርም። ሊሮጠው እንደሚችል ላላወቀው ውድድር ሲዘጋጅ የከረመው ግን እርሱ ራሱ ነው።